የአዳማ የበጋ ጓሮ፦ ብርዱ ነው የሚጎዳው ነፋሱ? (ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ አትክልትና ቅመማ ቅጠል)

ጀማሪ ጓሮ | ጥቅምት 4
ሰላም ለዚህ ቤት። ቦታው አዳማ ነው። ጓሮው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ 6 ሜትር፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ 4 ሜትር ይሆናል። በሰሜን የቤቱ ግድግዳ፣ በደቡብ 2 ሜትር ከፍታ ያለው የብሎኬት አጥር አለ፤ ምሥራቁ ክፍት ነው። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣል፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሁለት አለ። የታሰበው ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሽንኩርትና ጥቂት ቲማቲም ነው። ከቅመሙ ድንብላል፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳምና ጦስኝ። ምኑ የት ይሁን? የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ የሚጎዳው የቱን ነው? ለገና የሚደርሰውስ?

ነፋስ ያወቀው | ጥቅምት 4
ወንድሜ፣ ከዘሩ በፊት አቀማመጡን እንጨርስ። አዳማ ላይ ብርዱ ብቻውን ብዙ አትክልት አይገድልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ነው፤ አንዳንድ ቀን ከዚያም ይወርዳል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ሰላጣ እንዲህ ያለውን አየር ይወዱታል። ችግኝ የሚጨርሰው ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ነው። ከተማው ዳር የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ነገር አይደለም። ነፋሱ ከቅጠሉ ውሃ ይመጥጣል፣ በሌሊቱ የቀዘቀዘው ሥር ደግሞ ጠዋት ቶሎ አይተካውም። ሰው ጠርዙ የተቃጠለ ቅጠል አይቶ «ብርድ መታው» ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የመታው ጥማት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምሥራቁን ክፍት ዝጋ፣ ግን በቆርቆሮ አይሁን። ድፍን አጥር ነፋሱን ወደ ላይ ያነሳውና ከጀርባው ዞሮ እንዲወድቅ ያደርገዋል፤ ከአጥሩ አንድ ሁለት ሜትር ርቆ ያለው ችግኝ ይባስ ይጎዳል። የሚሻለው ግማሽ በግማሽ የሚያሳልፍ ነው፦ የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ፣ ሸምበቆ፣ ወይም የጥላ መረብ። 1 ሜትር ተኩል ቁመት ይበቃል። እንዲህ ያለ አጥር የቁመቱን 10 እጥፍ ያህል ርቀት ነፋስ ያበርዳል፤ ያንተ 6 ሜትር በደንብ ይሸፈናል።

ሁለተኛው ፀሐይ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። የደቡቡ አጥር 2 ሜትር ከሆነ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ልክ በቀትር እንኳ 1 ሜትር ከሩብ ያህል ጥላ ወደ ጓሮህ ይጥላል። የቤቱ ግድግዳ ግን ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ይጠጣል፣ ሌሊት ሙቀቱን ይተፋል። ብርድ የሚፈራውን (በሶብላ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ) ግድግዳው ሥር አድርግ፤ ጥላ የሚችለውን (ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ናና) ወደ አጥሩ።

ነፋስ ያወቀው | ጥቅምት 4
የመደቡን ነገር ረሳሁት። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሄዱ ሦስት መደቦች አውጣ፤ እያንዳንዱ 1 ሜትር ስፋት፣ መሃላቸው 40 ሳንቲ ሜትር መተላለፊያ። በክረምት ከፍ ያለ መደብ ትክክል ነው፤ በበጋ ግን ዝቅ አድርገው። የላይኛውን አፈር ወደ መተላለፊያው አውጥተህ መደቡን 10 ሳንቲ ሜትር አስጎድጉደው። ውሃው እዚያው ይቀራል፣ ችግኙም ገና ትንሽ ሳለ ከነፋሱ በታች ይሆናል።

ጥቁር ውሃ | ጥቅምት 5
ከሐዋሳ ነኝ፤ በጎድጓዳው መደብ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እዚህ በጥቅምት ዝናብ አያልቅም፣ ሐይቁ አጠገብ ደግሞ መሬቱ ገና ውሃ ያዘለ ነው፤ ጠዋት ጤዛው ብዙ ነው። በጎድጓዳ መደብ የተዘራ ካሮት አንድ ጠንካራ ዝናብ ከመጣ ዘሩ ተንሳፎ አንድ ጥግ ላይ ይከመራል። ቀዝቃዛ አየርም እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይፈሳል፤ ዝናብ በሌለበት ጥርት ባለ ሌሊት ጉድጓዱ ውስጥ ይተኛል። ሐዋሳ ላይ ያለ ሰው እስከ ኅዳር መግቢያ ድረስ ደልዳላ መደብ ይያዝ፤ ከዚያ በኋላ በዙሪያው እርከን ቢያበጅ ይበቃዋል።

ነፋስ ያወቀው | ጥቅምት 5
ልክ ነዎት ጋሼ። ለአዳማም ቢሆን በመደቡ አንድ ጫፍ የእጅ መዳፍ የምታህል መውጫ ይተውለት፤ ዝናብ ከመጣ ይከፈታል፣ ካልመጣ በአፈር ይደፈናል። የቀዝቃዛውን አየር ነገር ግን 10 ሳንቲ ሜትር ላይ ያን ያህል አልፈራውም፤ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ኖሮ አዎ።

በርሜል | ጥቅምት 5
ስለ ውሃው ልጨምር። ሦስት መደብ በ6 ሜትር 18 ካሬ ነው። ቅጠሉ መሬቱን ከሸፈነ በኋላ በዚህ ወቅት በቀን በካሬ ከ4 እስከ 5 ሊትር ይጠጣል። በ4 ብንይዝ በቀን 72፣ በሳምንት 504 ሊትር። ሁለቱ በርሜሎች በሳምንት ሁለቴ ቢሞሉ 800 ሊትር ነው፤ ይበቃል፣ አንድ ፈረቃ ቢዘለል ግን አይበቃም። ስለዚህ መጀመሪያ ሰፊውን መደብ ሳይሆን ችግኙንና ሰላጣውን ጠብቅ፤ ሥር የሰደደ ቆስጣ አንድ ሁለት ቀን ይታገሣል።

አጠጣጡ፦ አዲስ የተዘዋወረ ችግኝ እስኪይዝ ድረስ በየቀኑ በካሬ 2 ሊትር። ከያዘ በኋላ በየቀኑ መርጨት ይቅር፤ በየ3 ቀኑ በካሬ 12 ሊትር አንዴ ይጠጣ። ለ18 ካሬ 216 ሊትር፣ ማለት አንድ በርሜልና አንድ ጀሪካን ያህል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ የሚያጠጣ ሰው ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል፤ ነፋሱም ላይ ላዩን ነው የሚያደርቀው።

ሰዓቱ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ይሁን። ማታ ማጠጣት ውሃ ይቆጥባል የሚባለው በሙቀት ወር ነው። በብርድ ሌሊት ቅጠሉ ርሶ ካደረ ሻጋታ ይጋበዛል፣ ቀንድ አውጣም ይወጣል። የበርሜል ውሃ ጎህ ሲቀድ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ትንሽ ፀሐይ ከነካው በኋላ ብታፈሰው ለችግኝ ይሻላል።

የጤፍ ጭድ በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አልብሰው። ጭዱ ላይ ይቅር፣ ከአፈሩ ጋር አይደባለቅ፤ ከተደባለቀ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ራሱ ይወስድና ቆስጣህ ይገረጣል። ነፋሱ እንዳይወስደው አገዳ ወይም ቅርንጫፍ ጫንበት። ከግንዱ ደግሞ ሁለት ጣት ያህል አርቀው፤ ሲነካው አንገቱ ይበሰብሳል።

እሙ ቆስጣ | ጥቅምት 5
ለገና ምን ይደርሳል ለተባለው፣ በእኛ አቆጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ነው። ካሮት 90 ቀን ገደማ ይፈልጋል፤ ለገና ከተፈለገ መስከረም 29 መዘራት ነበረበት። አሁን የሚዘራው ለጥምቀት ይደርሳል፣ ቀጫጭኑ ግን ለገና ይነቀላል። ቆስጣ ከተዘራ ከ45 እስከ 50 ቀን የመጀመሪያ ቅጠሉ ይሰበራል፤ ስለዚህ እስከ ኅዳር 8 ድረስ ጊዜ አለህ። ለነቢያት ጾም መግቢያ (ኅዳር 15) ይድረስ ካልክ ግን ዛሬ ነገ ሳትል ዝራ፤ ያኔም ለመግቢያው የሚደርሰው ለጋው ቅጠል ነው። ሰላጣ ችግኙ ከተተከለ ከ45 እስከ 60 ቀን።

ስለ ቆስጣ ዘር ብዙ ሰው የማያውቀው፦ አንዱ ፍሬ የተጣበቁ ዘሮች ስብስብ ነው። አንድ ጥለህ ሁለት ሦስት ይበቅላል። ዘሩን ለአንድ ሌሊት ነክረህ፣ 2 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ዝራ፤ 3 ቅጠል ሲያወጣ ጠንካራውን ትተህ ሌላውን ከመሬት ላይ በመቀስ ቁረጥ። አትንቀል፣ የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይመጣል። ስትሰበስብ የውጭውን ቅጠል ከሥሩ ወደ ጎን ስበር፣ መሃል ላይ 4 ወይም 5 ቅጠል ተውለት። ልቡን የቆረጥህበት ቀን ቆስጣው አበቃ።

ጥቁር ውሃ | ጥቅምት 6
ካሮት ላይ ልግባ፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ነው። ችግሩ ብቅለት ነው። ዘሩ የሚቀበረው 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ለመብቀል ደግሞ ከ10 እስከ 15 ቀን ይወስዳል። በነዚያ ቀናት ያ አንድ ሳንቲ ሜትር አንዴ ከደረቀ፣ የፈነዳው ዘር ይሞታል። የአዳማ ነፋስ ያንን በግማሽ ቀን ያደርቀዋል። መላው ይኸው ነው፦ መደቡን አስቀድመህ በደንብ አጠጣ፤ በ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት መስመር አውጣ፤ ዘሩን ከደረቅ አሸዋ ጋር አንድ ለአምስት ቀላቅለህ ዝራ፤ ዳምጠው፤ ከዚያ እርጥብ የቃጫ ጆንያ አልብሰው። ጆንያው ላይ በየጠዋቱ አርከፍክፍ። ከ7ኛው ቀን ጀምሮ በየቀኑ ከፍተህ እይ፤ የመጀመሪያው ነጭ አንገት እንደታየ ጆንያውን ማታ አንሳ። አንድ ቀን ከዘገየህ ጆንያው ውስጥ ገብቶ ይበቅላል፣ ስታነሳውም ይነቀላል።

በ4ኛው ሳምንት 5 ሳንቲ ሜትር ላይ አሳሳ። ያልበሰለ ፍግ ያለበት መሬት ላይ አትዝራ፤ ሁለት ሦስት እግር ያወጣል፣ ጸጉሩም ይበዛል። የሐዋሳ መሬት ነጭ ፑሚስ ጠጠር የበዛበት ነው፤ 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ ካልተነፋ ካሮቱ ጠጠሩን ሲሸሽ ይጣመማል።

የቦምቤ ነጋዴ | ጥቅምት 6
ቀይ ሽንኩርት፦ ዘር ስትገዛ ዝርያውን ጠይቅ። ቦምቤ ሬድ ቶሎ ይደርሳል። አዳማ ሬድ በስሙ የከተማው ልጅ ነው፣ ከመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጣ፤ ትንሽ ይዘገያል፣ ግን ይቀመጣል። ከውጭ በፖስታ የሚመጣ የአውሮፓ የሽንኩርት ዘር አትዝራ። እነሱ ራስ የሚይዙት ቀኑ ከ14 ሰዓት በላይ ሲረዝም ነው፤ እዚህ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም፣ ስለዚህ ቅጠል ብቻ ያበቅላሉ።

አንድ 6 ካሬ መደብ በ20 በ10 ሳንቲ ሜትር ሲተከል 300 ችግኝ ይይዛል። ለዚህ 2 ግራም ዘር በቂ ነው፤ የችግኝ መደቡም ግማሽ ካሬ። አሁን ከተዘራ ከ45 እስከ 50 ቀን፣ ማለት ኅዳር መጨረሻ ላይ ይዘዋወራል፤ ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ ይነቀላል። የሽንኩርት ዘር በሙቅ ቤት ከዓመት በላይ አይቆይም። ከመዝራትህ በፊት 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለህ 10 ቀን አቆይ፤ 14 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዝራው፣ ከ10 በታች ከሆነ ጣለው።

ብርዱ ሽንኩርትን የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው፤ አይገድለውም፣ ያሳስተዋል። ግንዱ እርሳስ ያህል ወፍሮ ሳለ ለሳምንታት ቀዝቃዛ ሌሊት ካገኘው የብርድ ወራት ያለፉ መስሎት አበባ ያወጣል። ዘር አምራች የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ጓሮ ላለው ግን ኪሳራ ነው። ስለዚህ ያረጀና የወፈረ ችግኝ አትትከል፤ ትንሽ ራስ ሽንኩርት መልሶ መትከልም ያው ነው። አበባ ያወጣውን ዘንጉን ከሥሩ ስበርና ያንን መጀመሪያ ብላው፤ አንገቱ ስለሚወፍር አይቀመጥም።

እሙ ቆስጣ | ጥቅምት 6
ክሽክሽስ፣ ያ ቅጠል የሚመጥጠው ደቃቅ ነፍሳት? በዚህ ወቅት ጎመኑን ይወርሰዋል። አመድ መነስነስ ይሻላል የሚሉ አሉ።

የአፈር ሰው | ጥቅምት 7
እህቴ፣ አመዱን ለደጋው ተዪለት። አመድ ኮምጣጣ አፈርን ያስተካክላል፤ ለዚያ መልካም ነው። የስምጥ ሸለቆ አፈር ግን አብዛኛው ራሱ ከአመድ ወገን ነው፣ እሳተ ገሞራ የጣለው፣ ወደ አልካላይን ያደላ። የጉድጓድ ውሃውም እንደዚያው። በላዩ አመድ ሲጨመር ብረትና ዚንክ ይታሰራሉ። ምልክቱ አዲሱ ቅጠል ላይ ነው፦ ቅጠሉ ቢጫ፣ ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። አሮጌው ቅጠል መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ከገረጣ ግን ናይትሮጅን ነው ያነሰው። ሁለቱን ሳይለዩ ዩሪያ መበተን ገንዘብ መበተን ነው።

ለክሽክሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በ1 ሊትር ውሃ 10 ሚሊ ሊትር። የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሁን፣ ቅጠል ያቃጥላል። ሳሙናው የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቅጠሉ ይገልበጥና ከታች በኩል ይረጭ፣ አመሻሽ ላይ፣ በማግስቱ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ከ4 ቀን በኋላ ይደገም፤ በመጀመሪያው ዙር የተረፉት በዚያን ጊዜ ወልደዋል። ነጠብጣብ ያላቸው ቀያይ ጥንዚዛዎች ካሉበት ግን አይረጭ፣ እነሱ ይጨርሱታል።

ለትል የኒም ዘር ነው፤ ዛፉ አዳማ ላይ ብርቅ አይደለም። 50 ግራም የደረቀ ዘር ወቅጦ በ1 ሊትር ውሃ ማሳደር፣ በነጠላ ማጥለል፣ ጠብታ ሳሙና ጨምሮ ማታ መርጨት። ፀሐይ ስለሚያፈርሰው ጠዋት የተረጨ ኒም ዋጋ የለውም።

ጀማሪ ጓሮ | ጥቅምት 7
በጣም አመሰግናለሁ። ማዳበሪያስ በካሬ ስንት? ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ልጨምርበት እያሰብኩ ነው፤ ጎረቤት አለ።

የአፈር ሰው | ጥቅምት 7
የበሰለ ብስባሽ በካሬ ከ2 እስከ 3 ኪሎ፣ ላይኛው 15 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይደባለቅ። የዶሮ ኩስ ከሆነ በካሬ ግማሽ ኪሎ ብቻ፣ ያውም ቢያንስ ሁለት ወር የተከመረ። ለሽንኩርትና ለጎመን ሲተከል ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት ማዳበሪያ) በካሬ 20 ግራም፤ ዩሪያ በካሬ 10 ግራም፣ ግማሹ ችግኙ ሲይዝ፣ ግማሹ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ፣ እርጥብ መሬት ላይ፣ ከግንዱ 5 ሳንቲ ሜትር ራቅ ብሎ፣ ወዲያው በአፈር ሸፍኖ። ክፍት የተተወ ዩሪያ በአልካላይን አፈር ላይ ወደ አየር ይሄዳል። ለካሮት ዩሪያ አይጨመር፤ ቅጠል ብቻ ይሆናል።

በብርዱ ሰሞን የቲማቲም ችግኝ ቅጠሉ ከታች በኩል ወይን ጠጅ ቢመስል አትደንግጥ። ሥሩ በቀዘቀዘ አፈር ፎስፈረስ መሳብ ስላቃተው ነው፤ ሲሞቅ ራሱ ይመለሳል።

የጉድጓዱን ውሃ በተመለከተ፣ መጀመሪያ አንድ ሳህን ላይ ፀሐይ ላይ አድርቀው። ወፍራም ነጭ ቅርፊት ከተወ ለሰላጣና ለካሮት አይሁን፤ ሁለቱም ጨው አይችሉም። ቆስጣና ቀይ ሥር ይሻላሉ። ሲጠቀሙበት በመደቡ ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት ካወጣ፣ በወር አንዴ በቧንቧ ውሃ በካሬ ከ30 እስከ 40 ሊትር ቀስ ብሎ አጠጥቶ ጨውን ወደ ታች ማጠብ ነው። የነፋስና የጨው ቃጠሎ ጠርዝ ላይ ይመሳሰላሉ። ነፋስ ከሆነ በምሥራቅ በኩል ያሉት ብቻ ይቃጠላሉ፣ ከአጥር ጀርባ ያሉት ደህና ናቸው። ጨው ከሆነ መደቡን ሙሉ ነው።

ወይዘሮ ቅመም | ጥቅምት 8
ቅመሙን ማንም አልነካው፤ ልጆች፣ ጓሮ ያለ ቅመም ምኑን ጓሮ ሆነ።

በሶብላ ብርድ ጠላቱ ነው። ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ቅጠሉ ይጠቁራል፣ ወደ ኋላም አይመለስም። በክረምት የተዘራው አሁን አበባው ደርቋል፤ ቁረጠውና እየጠቀለልህ በጥላ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ስቀለው። ፀሐይ ላይ ከሰጣኸው ሽታው ይሄዳል፣ ለበርበሬው የሚቀረው ገለባ ነው። ለበጋ የሚሆን ለጋ ቅጠል ከፈለግህ በማሰሮ ዝራና የሞቀው ግድግዳ ሥር አስቀምጠው፤ አበባ ሊያወጣ ሲል ጫፉን ቅጠፍ።

የጥብስ ቅጠል አሁን ጊዜው ነው። አበባ ከሌለው ቅርንጫፍ 12 ሳንቲ ሜትር ቁረጥ፣ የታችኛውን ሁለት ሦስተኛ ቅጠል መልጥ፣ እርጥብ አሸዋ ላይ ሰክተህ ጥላ ውስጥ አስቀምጥ። ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሥር ያወጣል። እየጎተትክ አትፈትሸው። ከተተከለ በኋላ የሚገድለው ውሃ መብዛት ነው፤ ቅጠሉ ከሥር ጀምሮ ቡናማ ሆኖ ከረገፈ ጠምቶት ሳይሆን ሥሩ በስብሶ ነው፣ ያን ጊዜ ሰው ይብስ ያጠጣዋል። ኮሰረትም በቁራጭ ይያዛል፣ ግን እርጥበቱን ትንሽ ይወዳል።

ጦስኝ የደጋ ልጅ ነው። የአዳማ በጋ ይመቸዋል፣ የአዳማ ክረምት ግን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ በማሰሮ ያዘው፦ ግማሽ አፈር፣ ግማሽ ለግቢ የሚደለደለው ደቃቁ ሬድ አሽ። ሥር ያለውን ጉንጉን ከፍለህ ትከል እንጂ በዘር አትድከም። ሙሉ ፀሐይ፣ በሳምንት አንዴ ውሃ።

ጤና አዳም ማንኛውም ቦታ ይሆናል፤ ለቡናው ጫፍ ጫፉን መቅጠፍ ነው። ብዙ የምትቆርጥ ከሆነ ግን በቀትር ፀሐይ በባዶ እጅ አትቁረጥ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ሳለ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ሲመሽ ቁረጥና እጅህን በሳሙና ታጠብ።

ነፋስ ያወቀው | ጥቅምት 8
ቲማቲም ቀርቷል፤ ቁርጡን ልናገር፣ አሁን አትትከል። ዛሬ የተዘዋወረ ችግኝ የሚያብበው ኅዳር ውስጥ፣ ሌሊቱ ሲበርድ ነው። ሌሊቱ ከ13 ዲግሪ ሲወርድ ብናኙ ደካማ ስለሚሆን አበባው ከአንገቱ ይረግፋል። ሰው ማዳበሪያ ይጨምርበታል፤ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ፍሬ የለም። ኅዳር 25 ገደማ ችግኝ አፍላ፣ ታኅሣሥ 25 ገደማ አዘዋውር፤ አበባው ሌሊቱ መለስ ሲል ይመጣል። ከመልካሳ ዝርያዎች መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ ቁመታቸው አጭር ነው፣ ለጓሮ ይመቻሉ። ያለ ቲማቲም አልኖርም ካልክ ሁለት እግር ብቻ ግድግዳው ሥር።

ጥርት ባለና ነፋስ በቆመበት ማታ ነው ብርዱ የሚከብደው፤ ደመናና ነፋስ ያለበት ሌሊት ያን ያህል አይወርድም። እንዲህ ያለ ማታ ከመጣ 12 ሰዓት ላይ በጆንያ ወይም በአሮጌ ነጠላ ሸፍን፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንሳ። ላስቲክ ከሆነ ቅጠሉን እንዳይነካ በቆልማማ እንጨት አንሳው፤ የነካበት ቦታ ቅጠሉ ይቃጠላል። ጠዋት ካልተነሳም ፀሐይ ውስጡ ይቀቅለዋል።

ቱታ፣ የቲማቲም ቅጠልና ፍሬ የሚቦረቡረው ትል፣ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገር ውስጥ አለ፤ ቅጠሉ ላይ ነጭ የተላጠ ዋሻ ካየህ ቅጠሉን ቁረጥና አቃጥለው ወይም በላስቲክ አስረህ ፀሐይ ላይ ጣለው። ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ እንዳትከተው።

ጥቁር ውሃ | ጥቅምት 8
ሐዋሳ ላይ ለምትኖሩ አንድ ነገር፦ ሐይቁ ዳር ከሆናችሁ ቱታም ክሽክሽም ሁለተኛ ናቸው፣ አንደኛዋ ጦጣ ናት። ካሮት ነቅላ አንድ ነክሳ ትጥላለች። የሽቦ መረብ ከላይም ካልተሸፈነ አጥር ብቻ መሰላል ነው የሚሆናት። ሽንኩርት፣ ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል አትነካም፤ ዳር ዳሩን በነሱ ይሞላል።

ጀማሪ ጓሮ | ጥቅምት 10
እንዲህ ሆነ፦ በግድግዳው በኩል ያለው መደብ ካሮት፣ ጥጉ ላይ በሶብላና የጥብስ ቅጠል በማሰሮ። የመሃሉ መደብ ግማሹ ቆስጣ፣ ግማሹ ድንብላል። በአጥሩ በኩል ያለው ሽንኩርት፣ ጫፉ ላይ ሰላጣ። ምሥራቁ በማሽላ አገዳ ታጥሯል። ድንብላሉ ከገበያ የተገዛ የወጥ ድንብላል ነው፣ ይበቅላል?

የቦምቤ ነጋዴ | ጥቅምት 10
ያልተቆላ ከሆነ ይበቅላል። ፍሬው ሁለት ዘር ነው፤ በመዳፍህ እያሸህ ለሁለት ክፈለው፣ አንድ ሌሊት ንከረው፣ 1 ሳንቲ ሜትር ተኩል ቅበረው። ሁሉንም አንዴ አትዝራ፣ በየ3 ሳምንቱ አንድ አንድ መስመር፤ የካቲት ላይ ሙቀቱ ሲመለስ ወዲያው ያብባልና። ከ10 እስከ 14 ቀን ካልበቀለ ገበያው ላይ የቆየ ነው።

ግን ሽንኩርትና ካሮቱን አቀያይር። ሽንኩርት ጥላ ውስጥ ራስ አይዝም፤ አጥሩ ሥር ያለው መደብ ደግሞ እስከ ጥር መጨረሻ ጥላ ነው። ካሮቱ እዚያ ቢዘገይም ይወጣል፣ ጆንያውም ቶሎ አይደርቅብህም። ሽንኩርቱ እስከ ኅዳር መጨረሻ ስለማይገባ፣ በግድግዳው በኩል ያለው መደብ ባዶውን እንዳይቀር ሁለት መስመር ፌጦ ወይም ለጋ ሰላጣ አውጣበት፤ ችግኙ እስኪደርስ ተበልቶ ያልቃል።

በርሜል | ጥቅምት 10
ማሽላ አገዳውን ከላይና ከታች በሁለት መስመር ሽቦ እሰረው። በአንድ ገመድ የታሰረ እንደሆነ ታኅሣሥ ላይ ሽንኩርቱ ላይ ተጋድሞ ታገኘዋለህ።